የሰጋቱራው ከረጢት

አንድ መንክር የሚባል አናጺ ነበር። አልጋና ቁምሳጥን ይሠራል፤ በሙያው የተመሰከረለት ነው። ችግሩ አቧራው ነበር። እንጨት በሰነጠቀ ቁጥር ሰጋቱራው እንደ ጉም ይነሣና በመስኮት ወጥቶ ጎረቤት ካለው ልብስ ስፌት ቤት ይገባል። እዚያ ደግሞ ወይዘሮ አትጠገብ የሙሽራ ቀሚስ ይሰፋሉ። ሰጋቱራ ነጭ ጨርቅን ምን እንደሚያደርገው መገመት አያዳግትም።

ሁለቱ ሦስት ዓመት ተጨቃጨቁ። እሳቸው አቧራህ ሥራዬን አበላሸው ይላሉ፤ እሱ ከመንገድ የመጣ ነው እያለ ይሟገታል። እያወቀ ነው የሚክደው። ኋላማ ሰላምታም ቀረ፤ በር ላይ ሲገጣጠሙ እሱ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ እሳቸው ቦርሳቸውን ይጎረጉራሉ። የሁለቱን አቤቱታ መስማት የሰለቻቸው የቤቱ ባለቤት ሐጂ ይመር በመጨረሻ መንክርን ጠርተው፣ በአንድ ወር ውስጥ አቧራውን ካላቆመ ቤቱን እንዲለቅ ቁርጡን ነገሩት።

መንክር ጨነቀው። ደንበኞቹ ሁሉ የሚያውቁት እዚያ ሰፈር ነው።

በዚያው ሰሞን ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ አልጋ ሊያደርስ ሄዶ፣ ከጓሮ በተከመረ ዕቃ ላይ አንድ የተጣለ አቧራ መሳቢያ ማሽን አየ። የጽዳት ሠራተኛዋን ቢጠይቃት ከተበላሸ መቆየቱን ነግራው እንዲወስደው ፈቀደችለት። ተሸክሞት መጣ። ፈትቶ ሲያየው ቱቦው ውስጥ የሕፃን ካልሲና ሁለት ቆርኪ ተቀርቅሯል፤ አንዲት ሽቦም ከማብሪያው ተነቅላለች። ካልሲውን ጎትቶ አወጣ፣ ሽቦዋን መለሰ፣ ሶኬቱን ሰካ። ማሽኑ አገሳ። መንክር ብቻውን ሳቀ።

ወዲያው ቱቦውን ጥግ ላይ በተከመረው ሰጋቱራ ላይ ደቀነው። ክምሩ እያየው አለቀ። ወለሉ ለካ ሲሚንቶ ነው! ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ዘወር ሲል ማሽኑ በፊቱ የሳበውን ሁሉ በኋላው እየተፋ፣ በመስኮት ወደ ማዶ ሲነዳው አየ። አቧራውን የሚያጠራቅመው የውስጥ ከረጢት በእርጅና ተቀዶ ኖሯል። ማሽኑን አጠፋ። ከግድግዳው ማዶ የወይዘሮ አትጠገብ የስፌት መኪናም ዝም አለ።

መጀመሪያ የመጣለት እንደለመደው መካድ ነበር። ግን እጁ ላይ ያለውን ቀዳዳ ከረጢት አየና በራሱ አፈረ። ከረጢቱን እንደያዘ ሄዶ በራቸው ላይ ቆመ። ለእሑድ የደረሰ የሙሽራ ቀሚስ ከነመስቀያው ተንጠልጥሏል፤ ትከሻው የዋንዛ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

«እትዬ አትጠገብ፣ አቧራው የእኔ ነው» አለ። «የዛሬውም፣ የሦስቱ ዓመትም።»

ወይዘሮ አትጠገብ ከስፌት መኪናው ተነሡ። እጃቸውን ዘርግተውም «እስቲ የያዝከውን አምጣው» አሉት።

ከረጢቱን ገለበጡት፣ ስፌቱን በጣታቸው ዳበሱት። መንክር ዓይነቱ ገበያ ላይ እንደማይገኝ ሊያስረዳቸው ሲጀምር አላስጨረሱትም።

«ይሄ እኮ ኪስ ነው። ኪስ መስፋት ያቅተኛል?»

ከዚያ ቁርጥራጭ ጨርቃቸውን አውርደው አንድ በአንድ አፋቸው ላይ እየጋረዱ ይተነፍሱበት ጀመር፤ ነፋስ የሚያሳልፍ፣ አቧራ የሚያስቀር እየፈለጉ ነው። አንዱን ሳሳ አሉት፣ አንዱን አፈነኝ ብለው ወረወሩት፣ አቡጀዲውን ደርበው ሲሞክሩ ግን ፈገግ አሉ። ለመንክር ብሩሽ ሰጥተው ቀሚሱን ከላይ ወደ ታች እንዲያራግፍ አዘዙት። መጋዝ የለመደው ሰው ብሩሹን እንደ እንቁላል ይዞ አንድም ብናኝ ሳያስቀር አራገፈ።

ምሳ ሳይደርስ ከረጢቱ ተሰፍቶ ገባ። ማሽኑ ተነሣ፤ በኋላው የወጣው ንጹሕ ነፋስ ብቻ ነበር።

ወሩ ሲሞላ ሐጂ ይመር ቁልፉን ሊቀበሉ መጡ። መንክርን ከቤቱ አጡት። ያገኙት ስፌት ቤት ውስጥ ተንበርክኮ በማሽኑ የክር ብጥስጣሽ ሲለቅም ነው፤ ወይዘሮ አትጠገብም ከወንበራቸው ሆነው የቀረውን ጥግ እያመለከቱት ይጫወታሉ። ሐጂ ይህን ሲያዩ ስለ ቁልፉ አላነሡም። የሳሎናቸው ምንጣፍ አቧራ እንደያዘ ብቻ ነግረዋቸው ሄዱ።

ጥፋቱን በካደ ጊዜ ሁሉ መንክር ያገኘው ከሳሽ ነበር፤ ባመነ ቀን ግን ረዳት አገኘ። ወይዘሮዋ ያው ናቸው፣ መርፌውም ሁልጊዜ እጃቸው ላይ ነበር። ጥፋታችንን ስንሸሽግ መፍትሔውንም አብረን እንሸሽገዋለን፤ ብዙ ጊዜ የሚበጀንን የሚያውቀው የበደልነው ሰው ነውና።

አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እኅቴ፣ ዛሬ ሄዳችሁ «የእኔ ነው» የምትሉት ነገር ይኖር ይሆን?