አንድ ሚስማርና ቢጫዋ ወረቀት

...አንድ ሚስማር እኮ ነው ያልኳቸው! አንድ! ክሬን አምጡ አላልኩም፣ ሕንጻ ስጡኝ አላልኩም። ሃሎ? አብነት፣ ትሰማኛለህ? አዎ ጊዜ አለኝ፣ አሁን የሚያዘኝ ሰው የለም። የሚያዙኝ ሁሉ የት እንዳሉ መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ፣ አትቸኩል። አንተ ዩኒቨርሲቲ ማኔጅመንት ነው የምትማረው አይደል? እኔ ስምንተኛን አቋርጬ ሲሚንቶ ተሸካሚ ሆኜ ስለቀረሁ ነው ያልገባኝ፣ ወይስ እናንተንም እንዲህ ነው የሚያስተምሯችሁ?

ስማ። የምንሰራው ሕንጻ የደረጃው ኮንክሪት ገና አልተሞላም። ሦስተኛ ፎቅ የምንወጣው በባሕር ዛፍ መሰላል ነው። ዛሬ ጠዋት እትዬ ዘርፌ፣ ነግሬሃለሁ፣ አብራኝ ሲሚንቶ የምታመላልሰው፣ ምሳዋን ሳታጎርሰኝ የማትበላዋ ሴትዮ፣ ባልዲዋን ይዛ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት መርገጫው ከእግሯ ስር ዞረ። ባልዲው ወረደ፣ እሷ በእጇ ተንጠልጥላ ቀረች። ከስር ወጥቼ እግሯን ትከሻዬ ላይ አስደግፌ አወረድኳት። ሳየው መርገጫው በአንድ በኩል ሚስማሩ የለም። በቃ፣ ሌላ ምንም አልሆነም።

አቶ ክንፈ፣ የፕሮጀክቱ ማናጀር፣ ከላይ ሆኖ አይቷል። «ምን ሆነሻል?» አይባልም? «አንቺ! መውጣት ከፈራሽ ነገ ሌላ ሰው ይተካሻል!» አላት። ሴትዮዋ ሦስት ልጅ ታበላለች፣ አብነት። ብትወጣ ልትወድቅ፣ ባትወጣ ልትባረር። ስለዚህ ሚስማር ፈለግኩ።

ምን? በሽቦ እሰረው? አስሬዋለሁ እኮ! ሽቦው ባዶ እጁን የሚወጣ ቀጭን ሰው ይችላል። ባልዲ የያዘ ግን አይችልም። ቦርጭም አይችልም። ይቺን ነገር ያዝልኝ፣ ቦርጭ አይችልም።

ስቶር ሄድኩ። ጋሽ ወንዳፍራሽ በሩ ላይ ተቀምጧል፣ ከጀርባው ሚስማር በኬሻ ተከምሯል።

«ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ አንድ ሚስማር።»

«ድሮ ቢሆን እፍኝ ሙሉ እሰጥህ ነበር የኔ ልጅ። አሁን ዲጂታል ሆነናል።»

«ሚስማሩም?»

«ሚስማሩም። ታብሌቱ ስጥ ካላለኝ ንክች አላደርግም።»

በቃ። ታብሌቱ ጋሽ ወንዳፍራሽን አያዝም፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ ሚስማር አይሰጥም፣ ያለ ሚስማር መርገጫው ይዞራል፣ መርገጫው ከዞረ እትዬ ዘርፌ ትወድቃለች።

ታብሌቱ ያለው ኢንጂነር ሰላማዊት ጋ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ኔትወርክ እዚያ ብቻ ነው የሚይዘው። መርገጫዋን ዘልዬ ወጣሁ። ሰላማዊት ደህና ልጅ ናት፣ ክፋት የለባትም።

«ኢንጂነር፣ እስቲ ሚስማር በዪው።»

«ምትኩዬ፣ ብጫነው ደስ ይለኝ ነበር። ግን መጀመሪያ በቢጫ ወረቀት ይጻፍና ቦርዱ ላይ ይለጠፋል። ወረቀቷ ‹ሊሰራ› ከሚለው ወደ ‹እየተሰራ› ካልተሻገረች ታብሌቱን መንካት አልችልም።»

ጻፈችልኝ፣ «ሚስማር» ብላ። ለጠፈችልኝ። ቦርዱ በምን የተሰቀለ ይመስልሃል? በሚስማር! አራት ማዕዘኑን በሚስማር ቸንክረውታል። የኔ ሚስማር እዚያ ላይ ወረቀት ሆና ተለጥፋ ወንድሞቿን ታያለች።

«አሁንስ ማን ነው የሚያሻግራት? እኔ ላሻግራት?»

«ኧረ እንዳትነካት!» ብላ እጄን መታችኝ።

እና ቢጫዋ ወረቀት አትሻገርም፣ ወረቀቷ ካልተሻገረች ኢንጂነሯ ታብሌቱን አትነካም፣ ታብሌቱ ጋሽ ወንዳፍራሽን አያዝም፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ ሚስማር አይሰጥም፣ ያለ ሚስማር መርገጫው ይዞራል፣ መርገጫው ከዞረ እትዬ ዘርፌ ትወድቃለች።

ወረቀት የሚያሻግረው አቶ ክንፈ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባው የት ነው በለኝ? እዚያው፣ ቦርዱ ፊት። ቁጭ ብለው እንዳይመስልህ፣ ቆመው። አዲስ ነገር መጥቷል፣ የቆመ ስብሰባ የሚባል። ሰው ሲቆም እግሩን ስለሚያመው ስብሰባው አጭር ይሆናል ነው ነገሩ። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ አጭር ነው።

ጠጋ አልኩ። «አቶ ክንፈ፣ ያቺን ወረቀት...»

«አንተ ልጅ፣ አሰልጣኙ ሳይጨርስ?»

አሰልጣኙን አላየኸውም፣ ታብሌቱንም ቢጫ ወረቀቱንም ያመጣብን እሱ ነው። ሙሉ ኮት፣ ሹል ጫማ፣ እንደ መስታወት ያበራል። ሆዱ ደግሞ ከሱ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። «በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች» ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና «በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች» ይላል። «ሕንጻውን እንደ ሶፍትዌር አስቡት!» ይላል። ሶፍትዌር ላይ ሰው ባልዲ ይዞ ይወጣል እንዴ? አትሳቅ! ከዚያ «ቶሎ ወድቃችሁ ቶሎ ተማሩ!» አለ። ሁሉም ማስታወሻ ያዘ። ኋላ ወርጄ ለእትዬ ዘርፌ ስነግራት ምን አለችኝ? «ከሦስተኛ ፎቅ ወድቄ የምማረው ምኑን ነው? መቃብር ውስጥ ነው ትምህርቱ?»

ቆይ፣ አልጨረስኩም። እጄን አወጣሁ፣ እንደ ክፍል። «ጌታዬ፣ መሰላሉ ላይ ያለው መርገጫ...»

«ጥያቄ በመጨረሻ!» አለኝ። ይባስ ብሎ «ስቶርም የቡድኑ አካል ነው፣ ይምጣ!» አለና ጋሽ ወንዳፍራሽንም አስጠራው። ጋሽ ወንዳፍራሽ ስቶሩን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሽቅብ ወጣ። እሱ እንደ ሸምበቆ ቀጭን ነው፣ ሽቦው ቻለው።

እንግዲህ ቁጠርልኝ፣ የማኔጅመንት ተማሪ። አሰልጣኙ አቶ ክንፈን አይለቅም፣ አቶ ክንፈ ቢጫዋን ወረቀት አያሻግርም፣ ወረቀቷ ካልተሻገረች ኢንጂነሯ ታብሌቱን አትነካም፣ ታብሌቱ ጋሽ ወንዳፍራሽን አያዝም፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ ሚስማር አይሰጥም፣ ያለ ሚስማር መርገጫው ይዞራል፣ መርገጫው ከዞረ እትዬ ዘርፌ ትወድቃለች። ትንፋሼ አለቀ!

እኔም ወርጄ እትዬ ዘርፌ አጠገብ ቁጭ አልኩ። «ተዋቸው» አለችኝ፣ «ከሰዓት እወጣበታለሁ፣ እግዜር ያውቃል።» ፊቷን ብታየው እንዲህ አትስቅም ነበር።

ከዚያ ምሳ ደረሰ። የኛ አይደለም፣ የነሱ። በሞተር መጣ፣ ጥብስ፣ በፌስታል ታስሮ፣ ሽታው ሦስት ፎቅ ወጣ። ከጠዋት ጀምሮ ማንም ያላቆመውን ስብሰባ ጥብሱ አቆመው። «እረፍት!» አለ አሰልጣኙ፣ ዞሮ ለመውረድ ቀድሞ እግሩን ሰደደ።

«ጌታዬ፣ ያንን መርገጫ ይዝለሉት!» ብዬ ጮህኩ። «ጥያቄ በመጨረሻ ነው አልኩህ!» እያለ ረገጠው።

ቦርጭ አይችልም አላልኩህም? ሽቦው ቀጭ ብሎ ተበጠሰ። መርገጫው ወረደ፣ ሲወርድ ከስሩ ያለውንም ይዞት ወረደ። ሰውዬው አየር ላይ ሊቀር ሲል አቶ ክንፈ በኮቱ አንገት ጎትቶ መለሰው። ደህና ነው፣ ምንም አልሆነ። አንድ ጫማው ግን እትዬ ዘርፌ ያቦካችው ሲሚንቶ ውስጥ ዘጭ ብሎ ገባ።

እና አሁን የት እንዳሉ ገባህ? ላይ ናቸው! ሁሉም! መሰላሉ አናቱ ላይ ሁለት መርገጫ የለውም፣ ደረጃ የለም፣ ጥብሱ ታች እየቀዘቀዘ ነው፣ ሌላው ሠራተኛ ለምሳ ወጥቷል፣ ታች ያለነው እኔና እትዬ ዘርፌ ነን። ለዚህ ነው ጊዜ ያለኝ...

ቆይ፣ እየጮኸ ነው። አቤት አቶ ክንፈ! ... «አንተ ልጅ፣ ሚስማር ምታበት» እያለኝ ነው። ሚስማር የለኝም ጌታዬ! ወረቀቷ አልተሻገረችም!

ሃሃ! አብነት፣ ይሄን ብታይ! ስልኩን እንዳትዘጋው፣ እያየሁ ልንገርህ። አሰልጣኙ በአንድ እግሩ ቆሞ «ሂድ፣ ሂድ፣ አሻግራት!» እያለ ነው። አሰልጣኙ አቶ ክንፈን ለቀቀ! አቶ ክንፈ ቢጫዋን ወረቀት አሻገረ፣ ኧረ ሮጦ ነው ያሻገረው! ኢንጂነሯ ታብሌቱን ነካች፣ ታብሌቱ... ታብሌቱ እያሰበ ነው... ሁሉም አንገታቸውን አስግገው እያዩት ነው። አሰልጣኙ «ታብሌቱን ተወው፣ ቁልፉን ወርውር!» አለ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ያመጡት እርስዎ ነዎት፣ ይጠብቁት!» ሃሃሃ! ይኸው ጮኸ! ታብሌቱ ጋሽ ወንዳፍራሽን አዘዘ፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ ቁልፉን ወረወረ፣ እትዬ ዘርፌ በቀሚሷ ቀለበችው!

ቆይ፣ ቁልፉን አልሰጠችኝም። ቀና ብላ እያየችው ነው። «አቶ ክንፈ! ነገ ማን ነው የሚተካኝ?»

አቶ ክንፈ ጥብሱን አየ። መሰላሉን አየ።

«ማንም! ማንም አይተካዎትም እትዬ ዘርፌ!» ሰማኸው? አይተካዎትም! አንቺ ሲላት የኖረው ሰውዬ! «እኔ ስወጣበት እኔ ነኝ ፈሪዋ፣ እነሱ ሊወርዱበት ሲሉ ግን መሰላሉ ነው የተሰበረው» ብላ ቁልፉን እጄ ላይ አኖረችው።

ስማ፣ ይሄ ነገር ፈተና ላይ ከመጣልህ እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ፦ ፈቃጁንም ጠያቂውንም በአንድ መሰላል አውጣቸው፣ ሚስማሩ በዚያው ቀን ይገኛል። የራሴ ሐሳብ ነው በል፣ አልከስህም።

ጠዋት አንድ ነበር የጠየቅኩት። አሁን ከኬሻው በእፍኜ ነው የምዘግነው፣ ካሁን በኋላ እትዬ ዘርፌ ላይ አንድም መርገጫ አይዞርባትም። መጣሁ ጌታዬ! መጣሁ እኮ! እየጮኹብኝ ነው፣ ልዝጋው። እትዬ ዘርፌ፣ መዶሻዋን አቀብዪኝ። ቻው አብነት፣ ቻው።