ሚዳቋ ጠብ የተማረችበት ሰሞን

ጆሯችሁን ስጡኝ፣ እኔም ወሬዬን እሰጣችኋለሁ። ዛፍ ሲናገር ሰው ቆሞ የሚሰማበት፣ ድንጋይ ሲቆጣ አውሬ ይቅርታ የሚጠይቅበት ዘመን ነበር አሉ። በዚያ ዘመን አንዲት ሚዳቋ ነበረች።

ሚዳቋ የምትኖረው ከአንድ ሸለቆ አፋፍ ላይ፣ አጋም ቁጥቋጦ ውስጥ ነበር። አንዲት ሴት ግልገል ነበረቻት። ግልገሏ ገና ጡት ያልጣለች፣ እግሯ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ፣ ጥያቄ ግን የማይሰለቻት ነበረች። እናትና ልጅ ጠዋት ጠዋት ቅጠል ይቀጥፋሉ፤ ፀሐይ ሲበረታ ከሸለቆው ግርጌ ካለው ምንጭ ወርደው ውሃ ይጠጣሉ። ወደ ምንጩ የሚያወርደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ጠባብ፣ በግራም በቀኝም ቁጥቋጦ የወረሰው።

አንድ ቀን ሚዳቋ ልጇን አስተኝታ ብቻዋን ወደ ምንጩ ስትወርድ፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ቀበሮ ዘሎ ወጣና ጭኗን ቧጨራት። እሷም ያላትን ኃይል ሁሉ አውጥታ ሮጠች። ሮጣም አመለጠች። ቤቷ ገብታ ቁስሏን ስትልስ ግን ከቁስሉ የበለጠ ሌላ ነገር አንገበገባት።

"ሮጥኩ" አለች ለራሷ። "እንደ ፈሪ ሮጥኩ። ልጄ አብራኝ ብትሆን ኖሮስ?"

ጎረቤቷ ጅግራ ነበረች። ጅግራ ከእህቶቿና ከእህቶቿ ልጆች ጋር ከላይ ካለው የሣር መስክ ላይ ስትጭር ትውላለች። የሚዳቋን ቁስል ስታይ ክንፏን እያራገበች መጣች።

"እንኳን አተረፈሽ! እንኳን እግርሽ አወጣሽ! ግን ምነው ሳትጮኺ ቀረሽ? እኛ እኮ እዚሁ ነበርን።"

"እንዴት ብዬ ልጩህ፣ እትዬ ጅግራ? መሮጤ ሳያንስ ጩኸት ልጨምርበት? አገሩ ምን ይለኛል?"

"አገሩማ በሕይወት አለች ይልሻል" አለች ጅግራ። ሚዳቋ ግን አልሰማቻትም። ጠብ መማር አለብኝ ብላ ተነሣች።

መጀመሪያ የሄደችው ገደል ላይ ወደሚኖረው ወደ አባ ዝንጀሮ ነበር።

"አባ ዝንጀሮ፣ ጠብ ያስተምሩኝ።"

"ጠብ ምን ትምህርት አለው? አንድ ምት ነው" አለ አባ ዝንጀሮ ደረቱን እያከከ። "የቀበሮ ነፍሱ ያለችው አፍንጫው ላይ ነው። ዞር ትዪና በኋላ እግርሽ አፍንጫውን ትይዋለሽ። ዘጭ ይላል። ከወደቀም እስኪመሽ አይነሣም።"

"እርስዎ እንዲህ አድርገው ጥለውት ያውቃሉ?"

"እኔማ የምኖረው ገደል ላይ ነው፤ የት አግኝቶኝ? ግን ነገሩ የታወቀ ነው።"

ሚዳቋ አመስግና ወረደች። ከቤቷ በላይ አንድ ትልቅ ኩይሳ ነበረ። ጀርባዋን ሰጠችውና በኋላ እግሯ ትመታው ጀመር። ጧ! ጧ! አፈሩ ተፈረፈረ።

"ኧረ በሕግ!" አለ ኩይሳው። "እኔን መቼም አትስቺኝም፤ ከቦታዬ አልነቃነቅ። ቀበሮውስ እንዲህ ተገትሮ ይጠብቅሻል?"

"ዝም በል እንጂ፣ ልምምድ ላይ ነኝ" አለች። እንደገናም መታችው።

ቀጥላ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ወደሚውለው ወደ አያ ከርከሮ ሄደች።

"አያ ከርከሮ፣ ጠብ አስተምረኝ።"

ከርከሮ ክርኑን ጭቃው ላይ ተክሎ ቀና አለ። "ዋናው መሸሽን መርሳት ነው። አንዴ ከሸሸሽ ሁልጊዜ ያሯሩጡሻል። ፊት ለፊት ቁሚ! አንድ ለአንድ ይዋጣልሽ! ከተናደድሽ መጠንሽን ማንም አያይም። ደግሞ አጃቢ እንዳታስከትዪ። ብቻሽን ስትሄጂ ነው የምትከበሪው።"

"አንተ ሸሽተህ አታውቅም?"

ከርከሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ጭቃው ውስጥ ተገላበጠ። "ከርከሮ ይሸሻል እንዴ?" አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ሚዳቋ አመስግና ተመለሰች። መንገድ ላይ ጥርሷን እያፋጨች ንዴት ተለማመደች። ቤት ስትደርስም ስታፋጭ ያየቻት ግልገሏ "እማዬ፣ ብርድ ነው?" አለቻት።

በሦስተኛው ጉዞዋ አንድ ወይራ ሥር ወድቆ የቀረ ዱላ አገኘች። ቅቤ የጠጣ፣ ጥቁር፣ ጫፉ ላይ ብረት የተገጠመለት ዱላ ነው። ገና ከሩቅ ሲያያት ተጣራ።

"እመት ሚዳቋ! ጠብ እየተማርሽ ነው አሉ። ምን ያደክምሻል? እኔን ያዥ። በስንት ገበያ፣ በስንት ሠርግ ቤት ስንት ራስ ፈንክቻለሁ! እኔን የያዘ አይነካም። ገና ሲያዩኝ ይበተናሉ።"

"ታዲያ ጌታህ የት ሄዶ ነው እዚህ የወደቅኸው?"

"እሱማ..." አለ ዱላው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እሱማ አንድ ቀን ከሰው ተጣላና እኔን ቀሙት። ከዚያ በኋላ ያለውን ተይው።"

ሚዳቋ ይህን ልብ አላለችም። "እጅ የለኝም፤ በምን ልያዝህ?" ብቻ አለች።

"አፍ አለሽ አይደል?"

እሷም ዱላውን በአፏ አግድም ነክሳ ወደ ቤቷ ሄደች። ከበዳት፤ አንገቷን አጎበጣት፤ ግን ልቧ ሞላ።

በማግስቱ ፀሐይ በረታ። ሚዳቋ ዱላዋን ነክሳ፣ ግልገሏን አስከትላ ወደ ምንጩ ልትወርድ ተነሣች። ጅግራ አየቻት።

"ትንሽ ጠብቂን! ጫጩቶቹን ልሰብስብና አብረን እንውረድ።"

ሚዳቋ "ብቻዬን ነው የምከበረው" ልትል ፈለገች። አፏ ግን በዱላ ተይዟል። ራሷን ነቀነቀችና አለፈች።

"እማዬ፣ ለምን አታወሪም?" አለች ግልገሏ በመንገድ ላይ። እናት ዱላውን እንደነከሰች መውረዷን ቀጠለች። "እማዬ፣ ያ ቁጥቋጦ ለምን ይወዛወዛል?" እናት ዱላው ዓይኗን ጋርዷት ቁጥቋጦውን አላየችውም።

ያው ቀበሮ ከፊቷ ብቅ አለ።

"ኧረ እመት ሚዳቋ! ዱላ ይዘሽልኝ መጣሽ?" አለ እየሳቀ። "ደግ አደረግሽ፤ መፋቂያ አጥቼ ነበር።"

ሚዳቋ አልሸሸችም። ከርከሮ እንዳላት ፊት ለፊት ቆመች፤ ዓይኗን አፈጠጠች። ቀበሮው አልተበተነም። ቀስ ብሎ ቀረበና የዱላውን አንድ ጫፍ ነከሰ። እሷ ወዲህ ጎተተች፤ እሱ ወዲያ ጎተተ። እሷ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ። ቅጠል የሚበላ ጥርስ ሥጋ ከሚበላ ጥርስ ጋር እስከ መቼ ይጓተታል? ዱላው ከአፏ ወጣ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አለ ዱላው ከቀበሮው አፍ ውስጥ። "እኔ የማውቀው የያዘኝን ብቻ ነው።"

ቀበሮው ዱላውን ወደ ጎን ተፋና ዘለለ። ሚዳቋ ዞር አለች፤ በኋላ እግሯ መታችው። አልሳተችውም። አባ ዝንጀሮ እንደነገራት አፍንጫው ላይ አገኘችው። ዘጭ እስኪል ጠበቀች።

ቀበሮው አስነጠሰው። አንዴ አስነጠሰው፣ ደገመው። ከዚያ ደም ያንጠባጠበውን አፍንጫውን ላሰና ከቅድሙ ይልቅ ተቆጥቶ መጣ። ሳቁም ጠፋ።

ይኸኔ ከኋላ ኮሽ አለ። የቀበሮው ወንድም ነበር። ከጎን ደግሞ ኮሽ አለ። ታናሽየው ነበር፤ ዓይኑ ግልገሏ ላይ ነው።

ሚዳቋን አንድ ለአንድ ይዋጣልሽ ያላት እንጂ፣ ስለ ወንድሞች የነገራት አልነበረም። የተማረችው ሁሉ አለቀ። ግልገሏም "እማዬ!" አለች።

ያቺ "እማዬ" የሚዳቋን እፍረት ከጉሮሮዋ ጠርጋ አወጣችው። አፏ ባዶ ነው። አፏን ከፈተችና ጮኸች።

"ኡኡ! ድረሱልኝ! የምንጩ መንገድ ላይ ነን! ቀበሮዎች ናቸው! ልጄን! ኡኡ!"

ሸለቆው ጩኸቱን ተቀብሎ ለዚያኛው ገደል አቀበለ። ታናሹ ቀበሮ ደንግጦ አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ያን ጊዜ ሚዳቋ ግልገሏን በግንባሯ ገፋቻት።

"ሩጪ! በአጋሙ ሥር ግቢና ወደ እነ ጅግራ ሩጪ! ዞረሽ አትዪ!"

ግልገሏ ሮጠች። ሚዳቋ ከኋላዋ ሮጠች። እየሮጠች ጮኸች፤ እየጮኸች ሮጠች። አንዱ ቀበሮ ደረሰባት፤ የጆሮዋን ጫፍ ገመጠ። ጆሮዋን ትታለት ሮጠች።

ከላይ የሣር መስኩ ተነሣ። ሣሩ ሳይሆን ጅግራዎቹ ናቸው፤ ጅግራና እህቶቿ፣ የእህቶቿም ልጆች እየተንጫጩ እንደ በረዶ ወረዱ። ከገደሉ አባ ዝንጀሮ ከነቤተሰቡ እየጮኸ ድንጋይ አንከባለለ። ከጭቃው አያ ከርከሮ ጅራቱን ወደ ሰማይ አቁሞ፣ ሚስቱ ከኋላው፣ ልጆቹ ከሚስቱ ኋላ እየተንደረደሩ መጡ።

ቀበሮ ብዙ ዓይን ያየው ጊዜ ሥራ እንዳለበት ትዝ ይለዋል። ትልቁ ወንድሞቹን አየ፣ ወንድሞቹ እሱን አዩ፤ ሦስቱም ወደ ቁጥቋጦው ገብተው ሄዱ።

ሚዳቋ ግልገሏን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አሸተተቻት። አንድ ጭረት የለባትም። እንደገና አሸተተቻት። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ ወረደ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች። "ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ልጄን መለሳችሁልኝ።"

"ምቱ ሠራ አይደል?" አለ አባ ዝንጀሮ እያለከለከ።

"አባ፣ አንድ ማስነጠስ ያህል ጊዜ ሰጥቶኛል። ያቺንም ጊዜ አልረሳትም፤ አመሰግናለሁ። ግን አልወደቀም። ለሌላ ሰው ዘጭ ይላል ብለው እንዳይነግሩብኝ።"

አባ ዝንጀሮ ደረቱን ማከክ አቆመ። "ለካስ አይወድቅም" አለ ቀስ ብሎ።

ከርከሮ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ጭቃው ላዩ ላይ እየደረቀ ነው።

"እመት ሚዳቋ፣ እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ። ማታ ማታ ጉድጓዴ የምገባው ወደ ኋላዬ ነው። ለምን ይመስልሻል? ነብር ተከትሎኝ እንደሆነ ለማየት ነው። ስንቴ ሮጬ ገብቻለሁ መሰለሽ! እኔ ሮጬ የዳንኩ፣ አንቺን አትሩጪ አልኩሽ።"

ሚስቱ ሳቀች። "እኔ ስነግረው አይሰማኝም" አለች።

ሚዳቋም ሳቀች፤ ጆሮዋ እየደማ ሳቀች። "ለምክርህ ሳይሆን ለመምጣትህ አመሰግንሃለሁ፣ አያ ከርከሮ። ሚስትህንና ልጆችህን ጭምር ይዘህ ነው የመጣኸው።"

ከዚያ ወደ ጅግራ ዞረች። ራሷን ዝቅ አድርጋ በተገመጠው ጆሮዋ በኩል የጅግራን ክንፍ ዳሰሰች።

"እኔ ራሴን ነቅንቄብሽ ነበር የሄድኩት" አለች።

"አየሁሽ" አለች ጅግራ። "ጫጩቶቹን እየሰበሰብኩ ጆሮዬ ግን አንቺው ጋ ነበር። ስትጮኺ እንዴት ደስ እንዳለኝ! የት እንዳለሽ አወቅሁ እኮ።"

በማግስቱ ሚዳቋ ጎህ ሲቀድ ተነሣች። የበሰለ አጋም ከነቅርንጫፉ ቀንጥሳ ለጅግራ ጫጩቶች ወሰደች። ለከርከሮ ልጆች ሥራ ሥር የሞላበትን ለስላሳ መሬት አሳየቻቸው። ለአባ ዝንጀሮ ከገደሉ ሥር የሾላ ፍሬ አኖረችለት። ኩይሳውንም ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱም "ምስጦቼ ጠግነውኛል፤ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ" አላት። ዱላው መንገድ ዳር "ውሰጂኝ እንጂ!" እያለ ተጣራ። "በደህና ዋል፤ እኔ አፌን እፈልገዋለሁ" ብላው አለፈች።

ፀሐይ በረታ። ያን ቀን ወደ ምንጩ ሁሉም አብረው ወረዱ፤ ጅግራዎች ከፊት፣ ከርከሮዎች ከኋላ፣ ግልገሏ መሃል ላይ እየዘለለች። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ እየተጋፉ፣ እየተሳሳቁ ወረዱ። ሚዳቋ ከውሃው ዳር ቆመች። ሚዳቋ ውሃ ስትጠጣ ዓይኗን ጨፍና አታውቅም፤ አንድ ጉንጭ ትጠጣለች፣ ቀና ትላለች፤ አንድ ጉንጭ፣ ቀና። ያን ቀን ግን ጅግራ በግራ ቆማ፣ ከርከሮ በቀኝ ቆሞ ሲጠብቁላት ጊዜ፣ ዓይኗን ጨፍና ጠጣች። ውሃው እንዲህ ጣፋጭ መሆኑን እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር ይላሉ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ራስን ማዳን ማለት ሌላውን መጣል አይምሰላችሁ፤ በደህና ቤት መግባት ነው። የሮጠ አያፍርም፣ የጮኸ አያፍርም፤ ጩኸት ሰምቶ የመጣም ምስጋናው አይቅርበት። እኔ የነገሩኝን ነገርኳችሁ፤ ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ፤ የሚጠራችሁን የምትሰሙ፣ ስትጠሩም የሚሰማችሁ የማታጡ ያድርጋችሁ።