አጸደ በጸሎቱ፣ አፀደ በፀሐዩ

ተረት ተረት ስላችሁ የቆርቆሮ ቤት በሉኝ። የዛሬው የአራት ቆርቆሮ ተረት ነውና።

እማማ አጸደ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። የቤታቸው ጣራ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሣር ነው፤ ሣሩ ደግሞ ዕድል ሆኖ በአልጋቸው በኩል ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር አልጋቸው ላይ ድስት ይደረደራል። አራት ቆርቆሮ ቢያገኙ ደርቀው ይተኛሉ፤ የሚፈልጉት ይኸው ብቻ ነው። ለዚሁ ብለው ባንክ ያስቀመጡትን ባንኩ «የአገልግሎት፣ የአገልግሎት» እያለ ቆርጦ ቆርጦ ጨረሰው። የእሳቸውን ብቻ አይደለም፣ የገጠሩን ሁሉ። ሰዉ ተሰባስቦ ከሰሰ፣ ባንኩም በስምምነት ሊመልስ ፈረመ። ግን ፎርም ሞልቶ ላመለከተ ብቻ፣ እሱም እስከ ሰኔ አምስት አሥር ሰዓት። እማማ ይህን የሰሙት ሰኔ አምስት ጠዋት ነው። ምን ይደረግ፣ እንዲህ ያለው ወሬ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሁልጊዜ ደክሞት ነው።

ነጠላቸውን አጣፍተው ባንክ ሄዱ። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ፣ ፀጋዬ፣ ደብተራቸውን አየ፣ መታወቂያቸውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«እናቴ፣ ደብተሩ ላይ አጸደ በጸሎቱ ጸ ነው። መታወቂያው ላይ አፀደ በፀሐዩ ፀ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ለመሆናቸው ከቀበሌ ደብዳቤ ያምጡ።»

«ሲጠራ ያው አይደል እንዴ ልጄ?»

«ሲጠራ ያው ነው። ሲጻፍ ሌላ ሰው ነው።»

እማማ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ጸን ከፀ ይለያሉ፤ ጸ ሰውን ከሰው ይለያል ብለው ግን አስበው አያውቁም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዓይናቸው በየጽሑፉ ላይ ጸ ሲያድን ዋለ። ባንኩ ፎርም አይቀበል፣ የእማማ ጣራ ያፈሳል።

ቀበሌ ሄዱ። ጸሐፊዋ ትርንጎ ደግ ልጅ ናት።

«ደብዳቤውን አሁኑኑ እጽፍልዎታለሁ እማማ። ግን ያለ ማኅተም ምን ያደርግልዎታል? የማኅተሙ ሣጥን ቁልፍ ሊቀመንበሩ አንገት ላይ ነው፣ ሊቀመንበሩ እርሻ ላይ ናቸው።»

ትርንጎ ደብዳቤ አትሰጥ፣ ባንኩ ፎርም አይቀበል፣ የእማማ ጣራ ያፈሳል።

እርሻ ሄዱ። ሊቀመንበሩ አቶ ደምለው ከቆሙት በሬዎች አጠገብ ቁጭ ብለዋል።

«የበሬው ተራ የደረሰኝ ዛሬ ብቻ ነው እማማ፤ ነገ የጎረቤት ነው። ይኸው ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ምራን ተበጠሰብኝ። ምራን ቢያመጡልኝ ወንድሜ ያርሳል፣ እኔ መጥቼ አትማለሁ።»

ካላረሱ ምን አስቀመጣቸው አትበሉኝ። ተራ በሬ አቁሞ የሚሄድ ገበሬ አላየሁም። ደምለው ማኅተም አይመቱ፣ ትርንጎ ደብዳቤ አትሰጥ፣ ባንኩ ፎርም አይቀበል፣ የእማማ ጣራ ያፈሳል።

ቆዳ ሠሪው ጓንጉል ዘንድ ሄዱ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ እግራቸውም ማነከስ ጀምሯል።

«አያ ጓንጉል፣ አንድ ምራን ቁረጥልኝ።»

«ቆዳው ደረቅ ነው አጸደ። ቅቤ ሳልቀባው ብቆርጠው ሁለት ትልም ሳይሄድ ይበጠሳል። ቅቤ ይዘሽ ነይ።»

ጓንጉል ምራን አይቆርጥ፣ ደምለው ማኅተም አይመቱ፣ ትርንጎ ደብዳቤ አትሰጥ፣ ባንኩ ፎርም አይቀበል፣ የእማማ ጣራ ያፈሳል።

ቅቤ ሻጯ ደብሪቱ ቤት ሄዱ። ደብሪቱ ደጇ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ቅቤውስ ሞልቷል እትዬ አጸደ፣ ለመነሣት ነው አቅም ያጣሁ። ባንኩ እኔንም ቆርጦኛል። ደብተሬ ላይ ደብሬ፣ መታወቂያዬ ላይ ደብሪቱ። ሦስት ምስክር ይፈርም፣ ቀበሌም ያትምበት ተባልሁ፣ ሁለት አገኘሁ፤ ሦስተኛው ጠፋ።»

ደብሪቱ ቅቤ አትሰጥ፣ ጓንጉል ምራን አይቆርጥ፣ ደምለው ማኅተም አይመቱ፣ ትርንጎ ደብዳቤ አትሰጥ፣ ባንኩ ፎርም አይቀበል፣ የእማማ ጣራ ያፈሳል።

እማማ ቆም አሉ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲለምኑ ውለው፣ አሁን ገና የሚሰጡት ነገር ተገኘ።

«አንቺ ሞኝ! የተወለድሽ ዕለት ያቀፈሽ ማን ሆነና? ደብሪቱ ያሉሽ አባትሽ፣ ደብሬ ያልኩሽ እኔ! ወረቀቱን አምጪው።»

ፈረሙ። እማማ ቢፈርሙ ደብሪቱ ቅቤ ሰጠች፤ ደብሪቱ ቅቤ ብትሰጥ ጓንጉል ምራን ቆረጠ፤ ጓንጉል ምራን ቢቆርጥ የደምለው ወንድም እርፍ ጨበጠ፤ ደምለው ወርደው ማኅተም መቱ፣ ለደብሪቱም ለእማማም። ትርንጎ ደብዳቤ ሰጠች። ሁለቱ ሴቶች በባጃጅ በረሩ፤ ባንክ ሲደርሱ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

የደብሪቱ አለፈ። ፀጋዬ የእማማን ደብዳቤ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ።

«እናቴ… ይሄ እኮ ‹አጸደ እና አጸደ አንድ ሰው መሆናቸውን እንገልጻለን› ነው የሚለው። ሁለቱም በጸሎቱ! አፀደ የት አለች?»

ምስኪኗ ትርንጎ በጥድፊያ አንዷን ሁለት ጊዜ ጽፋት ኖሯል። ደብሪቱ አፏን ያዘች። እኔ ብሆን እዚያው ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። እማማ ግን ቀኑን ሙሉ ጸ ሲያድን የዋለ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው የስም ሰሌዳ በልጁ ደረት ላይ ወዳለው ባጅ፣ ከደረቱ ወደ ሰሌዳው አመላለሱ።

«ልጄ፣ ጠረጴዛህ ላይ ያለው ፀጋዬ በፀሐዩ ነው። ደረትህ ላይ ያለው ጸጋዬ በጸሎቱ ነው። ፎርሜን ለየትኛችሁ ልስጥ?»

ከኋላ የተሰለፈው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ፀጋዬ ደረቱን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ ፊቱ ቀላ።

«ለሁለታችንም ይስጡን እናቴ» አለ፤ ፎርሙን ተቀብሎ «ደንበኛዋ አንድ ናቸው» ብሎ ጻፈበትና ማኅተሙን መታበት። ሰዓቱ ልክ አሥር ሆነ።

ገንዘቡ በሐምሌ ገባ። ቆርቆሮውን የመቱት ደምለውና ወንድማቸው ናቸው። ያን ሌሊት ዶፍ ወረደ። እማማ ከልማድ የተነሣ ድስታቸውን አልጋው ላይ ደርድረው ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ ጠብ የሚል ጠፋ። ድስቶቹን አንድ በአንድ አወረዱና እግራቸውን ዘርግተው ተኙ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ የእማማን ስም በየትኛው ጸ እንደጻፋችሁት አልጠይቅም።