እጅ የሚቆጥረው በር

«አንድ ሰው ነበረ፤ ችኩል» አሉ መሪጌታ ይኄይስ፣ ምክር ሊጠይቃቸው የመጣውን የተገኘን ጥያቄ ሰምተው ሲያበቁ።

ተገኘ የጠየቃቸው ይህን ነበር። ከሚስቱ ከአትጠገብ ጋር ከተጋቡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ድሮ ቤታቸው በንጭንጭ የተሞላ ነበር፤ አሁን ግን ጭቅጭቅ የሚባል የለም። ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ይላታል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለች። ማታ «እንዴት ዋልሽ?» ይላታል፤ ያንኑ ትለዋለች። «ታዲያ እንዲህ ሰላም ከሆንን፣ መሪጌታ፣ ቤቴ በገባሁ ቁጥር የሚበርደኝ ለምንድን ነው?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ቀጠሉ።

ይህ ችኩል ሰው ታናሽ ወንድም ነበረው። ሁለቱ ይዋደዳሉ፤ እርምጃቸው ግን ለየቅል ነው። ታላቁ ሲራመድ ሰው የሚያባርረው ይመስላል። ታናሹ ሁለት እርምጃ ከሄደ አንድ ጊዜ ሳያማርር አይቀርም፤ ፀሐዩ በዛ፣ ድንጋዩ ወጋኝ፣ ስንቁ አነሰ። እናታቸው ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ወደ ተወለዱበት መንደር ተመልሰው ይኖሩ ነበርና፣ አንድ ቀን ከዚያ የመጣ መንገደኛ መልእክት አደረሰ። «እናታችሁ ደክመዋል። ‹ሁለቱንም በእጄ ሳልዳስስ አልሙት› ይላሉ።»

መንደሩ ሩቅ ነው። የባሕሩን ዳር ይዞ ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ አለ። መጀመሪያ አሸዋ ነው፣ ቀጥሎ ጠጠር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሰውን ከነቁመቱ የሚሰውር ደንገልና ረግረግ ነው። ከረግረጉ ማዶ፣ ወደ ባሕሩ ገባ ባለች ጉብታ ላይ፣ በጥንት ነገሥታት ዘመን የተገነባ ወፍራም የድንጋይ ቅጥር ቆሟል፤ መንደሩ በውስጡ ነው። እንግዶች ቅጥሩን ሲያዩ «ለጦር የተሠራ ነው» ይላሉ። የመንደሩ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ዝም ይላሉ። በዚያ ረግረግ ጦር አልፎ አያውቅም።

እናቲቱ ልጆቻቸውን ገና በሕፃንነታቸው አንድ ነገር አስተምረዋቸው ነበር። «በእኛ አገር ረግረግ ስትሄዱ ድምፅ አትመኑ። ደረቅ መሬት ባገኛችሁ ቁጥር ከፊት ያለው ዞር ይበልና ከኋላ ያለውን እጁን ይንካው፤ ከዚያ እለፉ።» ልጆቹ ለምን እንደሆነ ሲጠይቋቸው «ረግረጉ መልስ መስጠት ያውቃል» ይሉ ነበር እንጂ ሌላ አይጨምሩም።

ወንድማማቾቹ ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። የመንደሩ በር ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል፤ አንዴ ከተዘጋ ንጉሥም ቢመጣ እስኪነጋ አይከፈትም። አሸዋውንና ጠጠሩን በደህና አለፉ። ረግረጉ ውስጥ ሲገቡ ታላቁ በመጀመሪያው ደረቅ መሬት ላይ ዞሮ የወንድሙን እጅ ነካ። በሁለተኛውም ነካ። በሦስተኛው ላይ ግን ቀና ብሎ ፀሐይዋን ቢያያት አጋድላለች። «እናታችን ነፍሳቸው እየወጣች እኛ እጅ ለእጅ እንጫወት እንዴ?» አለና፣ ከዚያ ወዲያ ሳይዞር፣ እየሄደ መጣራት ጀመረ።

«አለህ?»

«አለሁ። ጫማዬን ጭቃው በላው እንጂ!»

«በርታ። አለህ?»

«አለሁ። ምን ያስሮጥሃል፣ ጋሼ? የኔ ጉልበት እኮ እንዳንተ አይደለም።»

«እሺ፣ እሺ። አለህ?»

«አለሁ። ቁርጭምጭሚቴን አሞኛል። ትሰማኛለህ?»

«እሺ አልኩህ እኮ!» አለ ታላቁ። ይህ ልጅ አፍ ብቻ ነው ብሎም በሆዱ ተነጫነጨ። እግሩን ግን አላዘገየም።

ወዲያው ከመንገዱ ዳር አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ የሰጠመች አንዲት አሮጌ ታንኳ አየ። በአጠገቧ አልፎ እንደገና ተጣራ።

«አለህ?»

መልሱ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ፣ «አለሁ» አለ ድምፁ።

ታላቁ ደስ አለው። «ጎሽ! ለመደው» አለ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀለለው። በተጣራ ቁጥር «አለሁ» ይባላል፤ ጫማ የለም፣ ጉልበት የለም፣ ቁርጭምጭሚት የለም። እሱ ሲሮጥ ድምፁ አይርቅም፤ እሱ ሲያዘግም ድምፁ አይቀርብም። አንድ ጊዜ የገዛ እግሩን ኮቴ ብቻ እየሰማ መሆኑን ልብ አለ። ወንድሜ ኮቴ ሳያሰማ መርገጥ ተማረ ብሎ አለፈው። ወፎቹም ዝም ብለው ነበር፤ እሱ ግን ለወፍ የሚሆን ጊዜ አልነበረውም።

ፀሐይ ውኃውን ልትነካ ትንሽ ሲቀራት ከቅጥሩ በር ደረሰ። በሩ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ በዘመናት ብዛት የስንቱ ሰው እጅ አሻሽቷት ጠርዟ ለዝቧል። የዚያ መንደር በረኛ «ማነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ድምፅ አይቆጥርም፤ እጅ ነው የሚቆጥር። ታላቁ እጁን በቀዳዳዋ አስገባ። ከውስጥ ሙቅ የሽማግሌ እጅ ጨበጠው።

«አንድ» አለ በረኛው። «እናትህ ሁለት ይመጣሉ ብለዋል። የሁለተኛውስ?»

«ከኋላዬ ነው፣ አባቴ» አለና ሳይዞር ተጣራ። «ና፣ እጅህን ስጥ!»

«አለሁ» አለ ድምፁ።

«እጅህን ስጥ እልሃለሁ!»

«አለሁ።»

የሽማግሌው ጣቶች እጁን አጥብቀው ያዙት። «ከእንግዲህ አትጥራው» አለው በሹክሹክታ። «ዙር፣ ልጄ። በዓይንህ እየው።»

ዞረ። መንገዱ ላይ ማንም የለም። ጭቃው ላይ የአንድ ሰው ዱካ ብቻ መጥቷል፤ እሱም የራሱ ነው። ከልማድ የተነሣ ሳያስበው «አለህ?» የሚለው ቃል ከአፉ አመለጠ። ከግራ ደንገሉ ውስጥ «አለሁ» አለ። ከቀኝ ከውኃው ላይ «አለሁ» አለ። እዚያው ከቅጥሩ ሥር፣ ከእግሩ አጠገብ፣ በገዛ ወንድሙ ድምፅ፣ ደስ ብሎት እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ «አለሁ» አለ።

«ቅጥሩ የተሠራው ለዚህ ነው» አለ በረኛው። «አሁን ግባ። ልዘጋ ነው። እናትህም እስኪነጋ የሚቆዩ አይመስለኝም።»

እንግዲህ ጭንቀቱን አስብ። በአንድ ወገን እናት አለች፤ እጇን ዘርግታ የምትጠብቅ። በሌላው ወገን የት እንደወደቀ የማይታወቅ ወንድም አለ፤ ይኑር ይሙት የማይታወቅ። ሰውየው አለቀሰ። ቀኑን ሙሉ የሮጠው ለዚህች በር ነበር። በመጨረሻ ግን «አንዱን እጅ ዳስሰው ‹ሌላውስ?› ቢሉኝ ምን እላቸዋለሁ?» አለና እጁን ከቀዳዳዋ አወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ።

ወደ ረግረጉ ተመለሰ። አሁን አይጣራም። ይልቅ ደንገሉ ይጠራው ጀመር። «ጋሼ፣ አለህ?» ይለዋል ከፊት። «ጋሼ፣ አለህ?» ይለዋል ከኋላ። ምላሱን ነክሶ ሄደ። የት እንደሚፈልግ ጨንቆት ሳለ፣ ያ ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ ያማረረው የት ነበር ብሎ ራሱን ጠየቀ። ቁርጭምጭሚቴን ያለው ከታንኳዋ በፊት ነው። ደስ ያለኝ ከታንኳዋ በኋላ ነው። ይህን ሲያስብ ወደ ታንኳዋ ሮጠ።

ታንኳዋ ዘንድ ሲደርስ ብርሃን ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ታናሹ እስከ ደረቱ ማጥ ውስጥ ገብቶ የታንኳዋን አፍንጫ በሁለት እጁ ታቅፏል።

«እኔ ነኝ» አለው ታላቁ።

ታናሹ ዓይኑን ጨፈነ። «አላምንህም» አለ በደከመ ድምፅ። «ስንት ጊዜ ‹ያዘኝ፣ ልሰጥም ነው› አልኩህ። ‹እሺ፣ እሺ› ትለኛለህ። ‹መጣሁ› ትለኛለህ። የለህም።»

ታላቁ ሌላ ቃል አልተናገረም። በደረቱ ጭቃው ላይ ተዘርግቶ እጁን አቀበለው። ታናሹ ያንን እጅ ጣት በጣት ዳሰሰ፤ አውራ ጣቱ ላይ ያለችውን የልጅነት ጠባሳ ሲያገኛት ዓይኑን ገለጠ። «ምነው እጅህ እንዲህ ቀዘቀዘ?» አለ እያለቀሰ። «እስካሁንስ የት ነበርክ? ጫማዬን እኮ ጭቃው በላው ብዬህ ነበር!»

ያ ንጭንጭ ለታላቁ ከዳዊት መዝሙር ይልቅ ጣፈጠው።

ጎትቶ አወጣውና እጅ ለእጅ ተያይዘው ከታንኳዋ አጠገብ ደረቅ መሬት ላይ አደሩ። ሲነጋ ከበሩ ደርሰው ሁለት ጭቃማ እጆች አስገቡ። «ሁለት» አለ በረኛውና ከፈተ። እናታቸውን ግን በሕይወት አላገኟቸውም። ማታ በረኛው ሄዶ ነግሯቸው ነበር። «ታላቁ እደጅ ደርሶ ታናሹን ሊያመጣ ተመለሰ» ሲላቸው፣ «ተመለሰ?» ብለው ጠየቁት። «አዎ፣ ተመልሷል።» «እንግዲያው ሁለቱም አሉልኝ» አሉና የዘረጉትን እጅ ደረታቸው ላይ አጠፉ።

መሪጌታ ታሪኩን በዚህ ጨረሱ። ከዚያ ወደ ተገኘ ዞሩ።

«አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። ክፉ አይደለህም፤ በየቀኑ ትጣራለህ፣ መልስም ታገኛለህ። ‹እግዚአብሔር ይመስገን› መልካም ቃል ነው፤ ከእኔም አፍ አይጠፋም። ግን አትጠገብ ለመጨረሻ ጊዜ ያማረረችህ መቼ ነው? በምንስ ነበር?»

ተገኘ ጥቂት አሰበና ፊቱ ተለወጠ። «በጣሪያው» አለ።

«የምን ጣሪያ?»

«እሷ በምትተኛበት በኩል ያፈሳል። ክረምት ሲገባ ትራሴ ይርሳል ብላኝ ነበር።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«እሺ አልኳት። ከዚያ ወዲያ አላነሣችውም። እኔ የተወችው መስሎኝ…»

«ስንት ክረምት አለፈ?»

ተገኘ መቁጠር ጀመረና ተወው።

«ታንኳዋ ያቺ ናት» አሉ መሪጌታ። «አትጠገብ የቀረችው እዚያ ነው፤ አንተ ከዚያ ወዲህ የምታናግረው ረግረጉን ነው። ተመለስ። ዛሬ ቤትህ ስትደርስ ከደጅ ሆነህ ‹እንዴት ዋልሽ?› እንዳትላት። ግባና እጇን ያዝ። ከዚያ ጣሪያው ላይ ውጣ። ከታች ሆና ‹እስካሁን የት ነበርክ?› ብላ ከጮኸችብህ፣ ያን ጊዜ አንተው ‹እግዚአብሔር ይመስገን› በል።»

ተገኘ ተነሣ። ከደጃፉ ሲደርስ «እሺ» ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋውና ወጣ።