በር ያጣው ምድር ቤት

ቤታችሁን በነጻ ልሥራላችሁ የሚል ሲመጣ መጀመሪያ የምታዩት እጁን ነው ወይስ ጥርሱን? ቶሎ አትመልሱ። ቶሎ መልሰው የተሳሳቱ ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም አንዷ ይቺ አህያ ናት።

አንድ ጊዜ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተሠራች ትንሽ ቤት ውስጥ አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። ግድግዳዋ ነፋስ ያስገባል፤ ጣሪያዋ በክረምት ያፈስሳል። ውርንጭላው ድንቡሼ ይባላል፤ ነገር ግን ድንቡሽነቱ በስሙ ብቻ ነበር። ባለፈው ክረምት በብርድ ሲያስል ከርሞ የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ አህያዋ ከቤቷ ሥር ምድር ቤት ለማሠራት ቆረጠች፤ ነፋስ የማይገባው፣ ዝናብ የማይደርስበት፣ ድንቡሼ ሞቆት የሚተኛበት። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ካላለቀ ልጇ ሌላ ክረምት እንደማይወጣ ልቧ ያውቀዋል።

በጋውን ሙሉ ሰዎች አውድማ ላይ ጥለውት የሄዱትን ገብስ ስትለቅም ከረመች። ከዚያ ሰሌኗን ዘርግታ ገብሱን በሰኮናዋ ከፋፈለችው።

«ይሄ ለቁፋሮ፣ ይሄ ለግድግዳው ድንጋይ፣ ይሄ ለጭቃና ለጭድ፣ ይሄ ለበር።»

ከሁሉ ያነሰች አንዲት ክምር ጫፍ ላይ ቀረች።

«ይቺስ፣ እማዬ?» አለ ድንቡሼ።

«ይቺ ለማላውቀው ናት።»

«የማታውቂውን ለምን ታበይዋለሽ?»

«ሳልጠራው ስለሚመጣ፣ የኔ ዓለም።»

እናትና ልጅ ይህን ሲነጋገሩ ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀበሮ ነበር። ገብሱን አየና ጭራውን ሰብስቦ በአክብሮት ተቀመጠ።

«እመት አህያ፣ እንዳንቺ የሚያሰላ በዚህ አገር አላየሁም! አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ለቁፋሮ ለምን ገብስ ታወጫለሽ? አያ ጅቦ በነጻ ይቆፍርልሻል።»

«ጅብ? በነጻ?»

«ለጉርብትና ብሎ ነዋ! የደመወዙን ነገር ለእኔ ተይው። አንቺ ስለ ልጅሽ አስቢ።»

በዚያ አገር ዳኛው አንበሳ ነበር። አህያዋ በየቀኑ ከወንዝ ውሃ ትቀዳለት ስለነበር፣ በሕግ የተቆረጠ ነገር ከሌለ በቀር ማንም እንዳይነካት አዝዟል። ሌላም ሕግ ነበረው፤ ሥራውን ሳይጨርስ ደመወዙን የበላ ጥርሱ ይነቀላል። ማንኛውም ውል የሚታሰረው በእሱ ፊት ነውና ቀበሮ ጅቡን ጠርቶ ሦስቱም አብረው ሄዱ።

አንበሳ እያዛጋ ጠየቀ። «ደመወዙስ?»

«ቀበሮ እንደወሰነው ይሁን፣ ጌታዬ» አለች አህያዋ።

ቀበሮ ጅቡን ወደ ጥግ ወስዶ በጆሮው አንሾካሾከለት። ጅቡ አህያዋን አየና ምራቁን ዋጠ። እሷ ደግሞ ያፈረ መስሏት አዘነችለት።

ጅብ ቁፋሮ ያውቃል። አፈሩን ወደ ኋላው እየፈነጠቀ፣ በየመካከሉ ብቅ እያለ «አለቀ?» ይላል።

«ገና ነው፣ አያ ጅቦ፤ እጅህ ይባረክ።»

ቀበሮ ግን እጁን አፈር አላስነካም። የእሱ ሥራ ማሰብ ነበር። አንድ ጠዋት ጉድጓዱን ዞር ዞር ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እመት አህያ፣ የቁፋሮው ገብስ ተርፎልሽ የለም? እግረ መንገዳችንን በገደሉ በኩል አንዲት መስኮት ብናወጣ። ልጅ ጨለማ ውስጥ አድጎ ምን ይሆናል?»

እውነት መሰላት፤ ሰጠችው። የወጣችው መስኮት ከአፍንጫ በላይ የማታስገባ ነበረች። ሌላ ቀን ደግሞ መጣ።

«እግረ መንገዳችንን ለድንቡሼ መደብ ቢሠራለት? መሬት ላይ ተኝቶ እንደገና ቢያስልስ?»

ይህ ደግሞ አንጀቷን በላው። የግድግዳውም ገብስ፣ የጭቃውም ገብስ ተጋመሰ፤ ሥራው ሳይጋመስ። የጎደለውን ለመሙላት ትንሿን ክምር ጠየቃት።

«እሷን እንኳ ተዋት፤ ለማላውቀው ናት» አለች።

«እስካሁን መጥቷል?»

«አልመጣም።»

«ታዲያ ሊመጣ ቢሆን እስካሁን ይቀር ነበር?»

አህያዋ ትንሿን ክምር ሰጠችው። ብዙዎቻችንም እንሰጣለን። ቀበሮ ከየክምሩ ለግንበኛና ለመራጊ እያለ የወሰደውን ገብስ ግማሹን ቁጥቋጦ ሥር እየበተነ ቆቅ ያጠምድበት ነበር፤ እንደዚያ በጋ ወፍሮ አያውቅም።

ያም ሆኖ ግድግዳው በድንጋይ ተገነባ፣ ተመረገ፣ መደቡም ወጣ። የቀረው በሩ ብቻ ነው፤ የበሩም ገብስ ሳይነካ ተቀምጧል። በዚህ መሀል ከርከሮ በደጇ ሲያልፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለጦጣ ነገራት።

«እመት አህያ ቤት ሠርታ ደበቀችን አሉ!»

«አብዪን ይሉኛል ብላ ፈርታ ነዋ!» አለች ጦጣ።

ቀበሮ ይህን ሰምቶ ደነገጠላት። «ጎረቤት ሳይመርቀው የተገባበት ቤት! ኧረ በልጅሽ!»

አህያዋ ከጅብ ጥርስ ይልቅ የጎረቤት አፍ ትፈራ ነበር። ድንቡሼ ቀሚሷን የሚይዝ ልጅ ቢሆን ኖሮ ይጎትታት ነበር፤ አህያ ቀሚስ የላትምና ጭራዋን ያዘ።

«እማዬ፣ ይሄ የበሩ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ግን አገሩ ምን ይለናል?»

ከገብሱ ቆሎ ቆላች፣ በሶ በጠበጠች፣ ጠላ ጠመቀች። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። መደቡን አደነቁ፣ በመስኮቷ ተራ በተራ አፍንጫቸውን አስገብተው ሳቁ። ከርከሮ ቅንድቡ ላይ በሶ ተለጥፎበት ተነሥቶ መረቀ።

«ቤትሽ ይሙላ!»

«አሜን!» አሉ ሌሎቹ፣ የመጨረሻዋን ቆሎ ከሰሌኑ ላይ እየለቀሙ። በሩን በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ ሄዱ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲወርዱ አህያዋ ወለል ብሎ የተከፈተው ምድር ቤት ፊት ቆማ ታለቅስ ነበር። ነፋሱ እንደልቡ ይገባል፤ ድንቡሼም ማሳል ጀምሯል። ያን ጊዜ ጅቡ መጣ፤ ፊቱን ታጥቦ፣ ጸጉሩን ልሶ።

«እመት አህያ፣ ተመረቀ አሉ። እኔ እንኳ አልተጠራሁም፤ ግድ የለም። አለቀ?»

«ምነው ጠየቅህ፣ አያ ጅቦ?»

«ደመወዜን ልወስድ ነዋ! ቤቱ ሲያልቅ አንቺንም ልጅሽንም እንድበላ ነው ቀበሮ የወሰነልኝ። ለጉርብትናችን ስል ካንቺ እጀምራለሁ፤ የልጅሽን እንዳታዪ።»

የማታውቀው መጣ። ትንሿ ክምርም የለችም። ቢሆንም እንባዋ ሳይደርቅ ሐሳብ መጣላት።

«አላለቀም» አለች።

«እንዴት አላለቀም? እኔው አይደለሁ የቆፈርኩት?»

«በር የለውማ! እስቲ አንበሳን ጠይቀው፤ በር የሌለው ቤት አልቋል ይላል?»

ጅቡ በምላሱ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። ሁሉንም ይወዳቸዋል።

«እውነትሽን ነው» አለ አዝኖ። «መቼ ታስገጥሚያለሽ?»

«የበሩን ገብስ ጎረቤት በላው። እንግዲህ የሚመጣው ዓመት አውድማ እስኪደርስ ነው።»

«እስከዚያማ በረሃብ እሞታለሁ!»

«እኔስ ምን ላድርግ፣ አያ ጅቦ? የወይራ እንጨት የሚያመጣልኝ ቢገኝ እኮ ዛሬውኑ ያልቅ ነበር።»

ጅቡ ቃሉን አላስጨረሳትም። ዝናቡን እየሰነጠቀ ሮጠ። ወይራ ጎትቶ መጣ፣ በጥርሱ ላጠው፣ አስተካከለው።

«ወፈር ያለውን አድርገው» ትለዋለች ከድንቡሼ ጋር መደቡ ላይ ሆና። «ለዚህ ሁሉ ድካምህ ስስ በር ያሳፍርሃል።»

«መቀርቀሪያውስ?»

«ከውስጥ ይሁን።»

«ለምን ከውስጥ?»

«ከውጭ ከሆነ ሌባ ይከፍተዋላ።»

«ሌባ!» አለ ጅቡ ጸጉሩ ቆሞ። «ደመወዜን የሚሰርቅ ሌባ? ቆይ አሳየዋለሁ!» ብሎ መቀርቀሪያውን ድርብ አደረገው። በሩን ገጠመና አህያዋን ከውስጥ እንድትቀረቅር አዝዞ፣ ራሱ ከውጭ በትከሻው ገፋው። አልተነቃነቀም። ዞሮ በጀርባው ገፋው። አልተነቃነቀም።

«ጠንካራ ነው!» አለ በኩራት። «አለቀ?»

«አሁን አለቀ፣ አያ ጅቦ። እጅህ ይባረክ።»

«እንግዲያው ክፈቺ።»

ዝናቡ በጅቡ ጀርባ ላይ ይወርዳል።

«እመት አህያ? ክፈቺ እንጂ፤ ደመወዜን ልብላ።»

«ደመወዝህን የወሰነልህ ማን ነው?»

«ቀበሮ።»

«ታዲያ የወሰነው ይክፈልሃ!»

ጅቡ አሰበ። ለጅብ ማሰብ አድካሚ ነው፤ ስለዚህ አንበሳ ዘንድ ሄዶ እንዲያስብለት ለመነው። አንበሳም ነገሩን ሰምቶ ጋማው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀና ፈረደ።

«በሌላው ሥጋ ደመወዝ የቆረጠ በራሱ ሥጋ ይክፈል። አህያዋን የነካ ግን ወየውለት! ውሃዬን ማን ይቀዳልኛል?»

በነጋታው ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ በትንሿ መስኮት አንድ እርጥብ አፍንጫ ገባ።

«እመት አህያ፣ በፈጣሪ፣ በሩን ክፈቺልኝ! ጅቡ ተከትሎኛል። አንድ ጊዜ ይቅር በይኝ። ይቺን መስኮት ያሰብኩልሽ እኔ፣ መደቡን ያሰብኩልሽ እኔ!»

«እማዬ» አለ ድንቡሼ ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ «መደቡስ በእውነት ይሞቃል።»

«ይሞቃል፣ የኔ ዓለም። ተኛ።» ጀርባውን በአፏ ዳበሰችው፤ አላሳለም። ከዚያ ወደ መስኮቷ ዞረች። «አያ ቀበሮ፣ ገብሴን ስከፋፍል አይተሃል። ለይቅርታ ብዬ ያስቀመጥኩት ክምር ነበር?»

«ጅቡንስ? በሩን የገጠመልሽ እሱ አይደለም?»

«ጅቡንም ይቅር አልልም።»

«ጎረቤቶችሽንስ? እነሱ እኮ የበሩን ገብስ ባይበሉት ኖሮ ቤቱ አልቆ ጅቡ ይበላሽ ነበር!»

አህያዋ በዚህ ላይ ትንሽ አሰበች፤ እውነትነት አለውና።

«እነሱም ሊያድኑኝ ብለው አልበሉም» አለች። «ማንንም ይቅር አልልም።»

አፍንጫው ከመስኮቷ ወጣ። ቀበሮ እስከ ዛሬ ሲሮጥ ወደ ኋላው እየተገላመጠ ነው። ድንቡሼ ግን ያን ክረምት ወፍሮ፣ ስሙን መስሎ ወጣ።

ከዚህ የምንማረው ሥራ በርካሽ ሲቀርብልን ደመወዙ ከማን ገላ እንደሚቆረጥ አስቀድመን መጠየቅ እንዳለብንና የበራችንን ገብስ ለማንም ምርቃት ብለን መንካት እንደሌለብን ነው፤ አህያዋን ግን ይቅር በያቸው ብላችሁ ለሽምግልና እንዳትልኩኝ፣ እኔም ማንንም ይቅር አልልም።