አያ ጅቦ ያመጣው አበባ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊወጣ፣ መስከረም ሊጠባ ሲል፣ አያ አንበሶ «ለእንቁጣጣሽ ከሁሉ የሚበልጥ አበባ ላመጣልኝ የምንጩን መስክ እሰጣለሁ» ብሎ አስነገረ። አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። ሣር እንኳ አይበላም፤ ግን መስኩን ቢያገኝ፣ እዚያ የምትግጠዋን እመት አህያን አብሮ የሚያገኝ መሰለው። እሷ ደግሞ ሌላ መሰማሪያ የላትም።

ችግሩ አበባው ነው። ጅቦ በዕድሜው አበባ ያየው የበላው ከብት ሆድ ውስጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቀበሮን ሊያማክር ሄደ።

«እመት ቀበሮ፣ አህያ ምን ልታመጣ ነው?»

«በሰባት ዓመት አንዴ የምታብብ ተክል አለቻት። ዘንድሮ አንዲት አበባ አወጣች።»

«አንዲት ብቻ?»

«አንዲት ብቻ!» አለች ቀበሮ። ከጅቦ ዋሻ የሚመጣው የሥጋ ሽታ አፍንጫዋን እየኮረኮራት፣ ዋግ የሚባለው ቅጠል አድርቅ በሽታ ወደ መታው ሣር ወሰደችው። ቅጠሉ ሁሉ ብርቱካናማ ዱቄት ለብሷል። «ይኸውልህ አበባ! የሷ ሰባት ዓመት ይፈጃል፣ ይሄ በሰባት ቀን አገር ያዳርሳል። በል ሂድ፣ ዋሻህን እኔ እጠብቅልሃለሁ።»

«እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ!» አለ ጅቦ። ዋሻውን ለቀበሮ አደራ መስጠቱ ቅንጣት አልከነከነውም።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት እመት አህያ ተክሏን ከነአፈሯ አምጥታ አንበሶ ደጅ ተከለች። ጅቦ ደግሞ አንድ ሸክም ቅጠል ዘረገፈ። አንበሶ ሦስት ጊዜ አስነጠሰው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አበባ ነዋ፣ ጌታዬ! ደጅዎ ባለው ሣር ላይ ልበትነውና ሰባት ቀን ይዩት። የቷ እንደምትበልጥ ያኔ ይፍረዱ።»

አንበሶ ነገሩ ገርሞት ፈቀደ። እመት አህያ ግን የምንጩን መስክ እያየች ሰባቱን ቀን ቆጠረች።

በስምንተኛው ቀን ጅቦ ሊሸለም እየተጎማለለ መጣ። አንበሶ አድብቶ የሚያድንበት ረጅም ሣር ደርቆ መሬት ተኝቷል። ሚዳቋዎች ጌታቸውን ከሩቅ እያዩ ይሳሳቃሉ። አንበሶ ሳምንቱን ሙሉ ሥጋ አልቀመሰም። ዋግ የሚመታው ሣርን ነውና፣ ደጁ ላይ የቆመችው ያቺ አንዲት አበባ ብቻ ናት።

«መስኩ የአህያ ነው» አለ አንበሶ።

«የኔስ ሽልማት፣ ጌታዬ?»

«ጅቦ፣ እኔ እኮ ርቦኛል።»

ጅቦ መደበቂያ ፍለጋ ዙሪያውን ቃኘ። አንድም የቆመ ሣር አላገኘም።

ከዚህ የምንማረው፣ ስለበዛ ብቻ መልካም ነው ብለን የዘራነው ነገር አስቀድሞ የሚያራቁተው እኛኑ መሆኑን ነው።