የአባባ ድንቁ የቅበላ እራት

በሆነው ባልሆነው ክው የምትል ልጅ ነበረች፤ ስሟ ሰናይት። ጆሮ ያለው ይስማ፣ የራበው ትንሽ ይታገሥ።

የቅበላ እሑድ ማታ ነው። ነገ ሁዳዴ ይገባል። የሰናይት እናት የተፈጨ ሥጋ በሳህን ከድና፣ ለአባባ ቶሎ ሠርተሽ ስጫቸው ብላ ወደ ሥራዋ ሄዳለች። አባባ ድንቁ የሰናይት አያት ናቸው። ጥርስ ስለሌላቸው ካልተፈጨ በቀር ሥጋ አይሆንላቸውም። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጾሙ ሳይገባ ትኩስ ምንቸት አብሽ።

"ለፋሲካ መድረሴን በምን አውቃለሁ፣ ልጄ?" አሉ።

ሰናይት ክው አለች። አያቷ እንዲህ ብለው አያውቁም።

ሮጣ ድስቱን ጣደች። ሥጋውን ልትጨምር ስትል ድስቱ ክዳኑን ግጥም አደረገ። ሽንኩርት ሳይቁላላ ሥጋ አልቀበልም አለ። ሰናይት ክው አለች። ድስት ሲናገር ሰምታ አታውቅም።

ወደ ሽንኩርቱ ሄደች። "ሽንኩርት ሆይ፣ ድስት ግባ። ድስቱ ሥጋ አልቀበል አለ፣ አባባም እራት አልበሉም።" ሽንኩርቱ ቢላ ካልከተፈው ንቅንቅ እንደማይል ነገራት። ክው አለች።

ወደ ቢላው ሄደች። "ቢላ ሆይ፣ ሽንኩርቱን ክተፍ። ሽንኩርቱ ድስት አልገባ አለ፣ ድስቱ ሥጋ አልቀበል አለ፣ አባባም እራት አልበሉም።" ቢላው ከደነዘ መሰንበቱን፣ ሞረድ ካልነካው ቅቤ እንኳ እንደማይቆርጥ ምንም ሳያፍር ተናገረ። አሁንም ክው አለች።

ሞረድ ያለው በጎረቤታቸው በእትዬ አልጣሽ ቤት ነው። እትዬ አልጣሽ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ወደ ጣራው አንጋጠዋል።

"እትዬ፣ ሞረድዎን ያውሱኝ። ቢላው ሽንኩርት አልከትፍ አለ፣ ሽንኩርቱ ድስት አልገባ አለ፣ ድስቱ ሥጋ አልቀበል አለ፣ አባባም እራት አልበሉም።"

እትዬ ዞረውም አላዩዋት። ድመታቸው ቡሬ ጣራ ላይ ወጥታ አልወርድ ብላለች፤ እሷ ሳትወርድ እሳቸው ቤት አይገቡም። ሰናይት ድመቷ ምን ሆና እንደወጣች በቀስታ ጠየቀቻቸው።

"ጾም አስጀምሬያት ነው እንጂ ምን ትሆናለች" አሉ እትዬ።

እሳቸው ሁልጊዜ ሁዳዴን የሚይዙት ከሰው ቀድመው ነው። ዘንድሮ ድመቷንም ጨመሩና ሽሮ በሳህን አቀረቡላት። ድመቷ ሳህኑን አየች፣ እትዬን አየች፣ ጣራ ላይ ወጣች። ሰናይት ከሁሉም የበለጠ ክው ያለችው ይኼኔ ነው።

ቢሆንም ወደ ጣራው ቀና አለች። "ቡሬ፣ እባክሽ ውረጂ። እትዬ ሞረድ አልሰጥ አሉ፣ ቢላው ሽንኩርት አልከትፍ አለ፣ ሽንኩርቱ ድስት አልገባ አለ፣ ድስቱ ሥጋ አልቀበል አለ፣ አባባም እራት አልበሉም።"

ከዚህ ሁሉ ቡሬ የሰማችው አንድ ቃል ብቻ ነው።

"ሥጋ አልሽ?"

ሥጋውማ በሳህን ተከድኖ ተቀምጧል። ግን የአባባ ነው፣ ደግሞም ትንሽ ነው። ሰናይት እየፈራች ገብታ አያቷን ጠየቀች። አባባ መጀመሪያ ክው አሉ። ቀጥሎ ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ።

"ስጫት እንጂ፣ ልጄ! ክርስትና ላልተነሣች ድመት የምን ሁዳዴ ነው?" አሉ፣ እትዬ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ሰናይት ከሥጋው ቆንጠር አድርጋ ሰጠች። ድመቷ ወረደች፣ እትዬ ሞረዱን ሰጡ፣ ሞረዱ ቢላውን ሳለ፣ ቢላው ሽንኩርቱን ከተፈ፣ ሽንኩርቱ ድስት ገባ፣ ድስቱ ሥጋውን ተቀበለ። ቅቤው፣ እርዱና አብሹ ሳይለመኑ ተከተሉ። ሽታው ግቢውን ሞላው። ደጃፍ ላይ የቆሙት እትዬ አልጣሽ ምራቃቸውን ሲውጡ ተሰሙ፤ በራሳቸው ጉሮሮ ደነገጡ።

"ጾሙ ነገ ነው፣ አልጣሽ፤ ግቢ" አሉ አባባ።

እትዬ ገቡ። አባባም እራት በሉ። የሳህኑን ዳር በእንጀራ ጠርገው ሲጨርሱ ሰናይትን ጠሯት።

"ለፋሲካ ስትሠሪልኝ ግን ቢላውን ቀደም ብለሽ አስስዪው።"

ለፋሲካ አሉ። ሰናይት ክው ብላ ቀረች።

ተረቴን መልሱ፤ የእኔን አፍ ግን በድስቱ ጥራጊ አብሱ።